«ዐይንሽን ታከሚ» ላለኝ ሰውዬ

«እህቴ፣ መስታወቱ ምንም የለው። ዐይንሽን ታከሚ።»

እንዲህ አለኝ የላቫጆው ባለቤት። ያ ሁሉ ሰው እየሰማ። ገንዘቤን ተቀብሎ፣ የመኪናዬን የፊት መስታወት አበላሽቶ፣ መጨረሻ ላይ ጥፋቱን ዐይኔ ላይ ጣለው። ደሜ እንደፈላ ነው ቤት የገባሁት። እራት ቀርቦ ትቼዋለሁ። ስለዚህ ዛሬ እጽፋለሁ፣ እናንተም ታነባላችሁ።

ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚወስደውን የሐረጎን ዳገት በክረምት ማታ የወጣ ሰው የምለው ይገባዋል። ኮምቦልቻ ከባሕር ወለል በላይ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ደሴ 2,500 ገደማ ላይ ናት። በ25 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ከሙቀት ተነስተህ ብርድ ውስጥ ትገባለህ። ጠመዝማዛው፣ ጉሙ፣ ዝናቡ፣ በዚያ ላይ ሙሉ መብራቱን አብርቶ ቁልቁል የሚመጣ ሲኖትራክ። እኔ ከሥራ ስወጣ የምመለሰው በዚህ ነው። መስታወቴን ዝናብ የሚያሸሸውን ፈሳሽ ያስቀባሁት ለውበት አይደለም። መንገዱ እንዲታየኝ ነው። በሕይወት ቤቴ ለመግባት ነው።

ነገሩ ራሱ ጥሩ ነገር ነው፣ እሱን አልሰድብም። መስታወት ውሃ ይይዛል። ጠብታው ሲያርፍበት ይንጣለላል፣ የተንጣለለው ውሃ የመጪውን መብራት ይበትነዋል። ፈሳሹ ሲቀባ መስታወቱ ላይ ስስ ሽፋን ይሠራል። ከዚያ ውሃው መንጣለሉን ትቶ ድብልብል ይላል፣ ፍጥነት ሲኖር ነፋሱ ጠርጎ ይወስደዋል። ሬይን ኤክስ የሚባለው በፈረንጆቹ ከ1970ዎቹ ጀምሮ ሲሸጥ የኖረ ነው። አዲስ ጥበብ አይደለም። ግን አንድ ነገር ይፈልጋል፦ ንጹሕና ደረቅ መስታወት። ቅባት ካለ የሚይዘው ቅባቱን ነው፣ መስታወቱን አይደለም። ቅባቱ ሲለቅ አብሮት ይለቃል። ድካሙ ያለው ማጠቡ፣ ቅባቱን ማስለቀቁና ማድረቁ ላይ ነው። መቀባቱማ የትንሽ ደቂቃ ሥራ ነው።

እነሱ ምን አደረጉ? ስሙን የማልጠራው ላቫጆ ውስጥ ልጁ ጎማ ሲወለውልበት የነበረውን ጨርቅ አነሳና የፊት መስታወቴን ጠረገበት። የጎማውን ጨርቅ! ካፊያው ገና አላቆመም፣ መስታወቱ እርጥብ ነው። «መጀመሪያ በአልኮል አይጸዳም ወይ?» አልኩ። ፋርማሲ ውስጥ የምሠራ ሰው ነኝ፣ ቅባት በምን እንደሚለቅ አውቃለሁ። ባለቤቱ ከወንበሩ ሳይነሳ «አብሽሪ እህቴ፣ እኛ ስንት ላንድክሩዘር ሠርተናል» አለኝ። ከዚያ ምልክት የሌለው የፕላስቲክ ጠርሙስ መጣ። ከዚያው ጠርሙስ ቀድቶ የአንዱን ሰውዬ ጎማ ሲያስውብ አይቻለሁ። የጎማ ማብለጭለጫ ነው። የጎማ ማብለጭለጫ መስታወት ላይ!

ይባስ ብሎ ውስጡንም ቀባው። «ይሄ ስጦታ ነው» አለኝ። ዋናው ፈሳሽ እንኳ ቢሆን ለውጭ ነው የተሠራው። የውስጡ ጉም ሌላ ጉዳይ ነው። ከኮምቦልቻ ሙቀት ወደ ደሴ ብርድ ስትወጣ መስታወቱ ይቀዘቅዛል፣ ትንፋሻችን እሱ ላይ ውሃ ይሆናል። መፍትሔው ኤሲውን ከፍቶ አየሩን ወደ መስታወቱ መላክ ነው። ቅባት ሲጨመርበት ጉሙ ጥቃቅን ነጠብጣብ እየሆነ ይቀመጣል፣ ስትጠርገው ደግሞ ይዥጎረጎራል። እኔ ላይ የሆነው ይኸው ነው።

ትናንት ማታ አክስቴን ይዤ ስወጣ ዝናቡ ሐረጎ ላይ ያዘን። ዋይፐሩን አበራሁ። ግርርርር! አንድ ስንዝር ይሄዳል፣ ይዘላል፣ ደግሞ ግርርር። መስታወቱ ወተት የፈሰሰበት መሰለ። ከላይ መኪና ሲመጣ መብራቱ ከዳር እስከ ዳር ይለቀለቃል። ጠርዙ የቱ ነው፣ ገደሉ የቱ ነው፣ አላይም። አክስቴ ከኋላ ዱዓዋን ታደርጋለች፣ በየመሃሉ «ልጄ ቀስ፣ ልጄ ቀስ» ትለኛለች። እኔ የጎኑን መስኮት ከፍቼ፣ አንገቴን አውጥቼ፣ ዝናቡ ፊቴን እየገረፈኝ ነው የነዳሁት። ከኋላዬ ያለው ደግሞ ክላክሱን አይለቅም። አንተ ሰው፣ የት ልግባልህ? ገደል ልግባልህ?

እና ዛሬ ሄድኩ። በእርጋታ ነው የሄድኩት፣ አክስቴ ትመስክር።

«ወንድሜ፣ የቀባችሁት ነገር ትናንት ሊገድለን ነበር» አልኩት።

ተነሳ። በጣቱ መስታወቱን ነካ ነካ አደረገ። «ያበራል እኮ!» አለ።

«ማብራቱን ማን ጠየቀህ? ማታ አያሳይም ነው የምልህ።»

«ቀን ያሳያል?»

«ቀን ያሳያል።»

«እንግዲህ» አለና ወደ ተቀመጡት ዞረ። ቡና የሚጠጡ ነበሩ። «ቀን የሚያሳይ መስታወት ማታ ምን ሊሆን ነው? እህቴ፣ መስታወቱ ምንም የለው። ዐይንሽን ታከሚ።»

ሳቁ። አንዱማ ሲኒውን አስቀምጦ ነው የሳቀው።

አልተውኩትም። «ይሄ ፈሳሽ ስሙ ምንድን ነው? ጠርሙሱን አሳየኝ» አልኩት። «የፋብሪካ ነው» አለ። የምን ፋብሪካ? «የውጭ።» የት ውጭ? እዚህ ላይ ሰለቸውና የጨረሰኝን ተናገረ፦ «ባልሽን ወይ ወንድምሽን ላኪው፣ ለሱ አስረዳዋለሁ።»

ለወንድሜ! ወንድሜ መንጃ ፈቃድ የለውም! መኪናው የኔ፣ ገንዘቡ የኔ፣ ገደሉ ጋ የደረስኩት እኔ፣ ማብራሪያው ለወንድሜ። እሺ፣ እኔ ዐይኔን እታከማለሁ፣ እሱ ያንን አፉን የት ሊታከም ነው?

ይሄ ደግሞ የሱ ብቻ አይደለም። መለዋወጫ ሱቅ የዋይፐር ላስቲክ ልገዛ ስገባ «ኦርጅናል ነው» ተብዬ የሰጡኝ ክረምቱ ሳይጋመስ ተሰንጥቋል። ስመልሰው «አነዳድሽ ነው» አሉኝ። የዋይፐር ላስቲክ በአነዳድ ይሰነጠቃል? ጋራዥ ስገባ ፍሬኑን ልጠይቅ አፌን ስከፍት ሜካኒኩ ከጎኔ ላለው ወንድ ነው የሚመልሰው፣ ያ ሰው ደግሞ ባጃጁን ሊያሠራ የመጣ የማላውቀው ሰው ነው። ቤንዚን ሰልፍ ላይ ፊቴ የሚገቡትን አላነሳም። እሱን ካነሳሁ ይነጋል።

ልጁ ላይ አልፈርድም። ያ የሚጠርገው ልጅ ጨርቅ ቢሰጡት በጨርቁ ይጠርጋል፣ ጠርሙስ ቢሰጡት ከጠርሙሱ ይቀባል። ያስተማረው የለም። እኔን የሚያቃጥለኝ ወንበር ላይ ተቀምጦ ገንዘብ የሚቆጥረው ነው። አንድ ተጨማሪ ንጹሕ ጨርቅ ስንት ብር ነው? ግማሽ ሰዓት መጠበቅ ምን ያስከፍለዋል? ደግሞ «ከእንግዲህ ዋይፐር አያስፈልግሽም» ብሎኝ ነበር! ሐረጎ ላይ ከጭነት መኪና ኋላ ተለጥፈህ እየዳህክ ጠብታውን የሚጠርግ ምን ነፋስ አለ? ትክክለኛው ፈሳሽ ቢቀባም እዚያ ዳገት ላይ ዋይፐር ያስፈልጋል። ይህን ሳያውቅ ነው የሚሸጠው። ወይ እያወቀ ነው። የቱ እንደሚብስ አላውቅም።

ቤት ገብቼ በሳህን ሳሙና አጠብኩት፣ አደረቅኩት፣ ከዚያ በአልኮል ፈተግኩት። ጨርቁ ጥቁር ሆኖ ወጣ። ሌላ ጨርቅ፣ እሱም ጥቁር። ጥጉ ላይ አሁንም ቅባት አለ፣ ጣቴን ሳሳልፍበት ያንሸራትተኛል። ነገ ጠዋት ደግሜ እፈትገዋለሁ፣ ሌላ ምን አደርጋለሁ። ክረምቱ ገና ነው፣ መንገዱም ያው ነው።

ደሴም ኮምቦልቻም ያላችሁ፣ የምታስቀቡ ከሆነ ከመኪናው አትራቁ። ጠርሙሱን ከነምልክቱ አሳዩኝ በሉ። ጨርቁን እዩ። ዝናብ እየጣለ «እንቀባለን» ካሏችሁ ቁልፋችሁን ይዛችሁ ውጡ። ሲጨርሱ ደግሞ ሳትከፍሉ በፊት አንድ ጆግ ውሃ መስታወቱ ላይ አስደፉ፤ ድብልብል ብሎ ካልሸሸ አልተሠራም ማለት ነው። መስታወት በሥርዓቱ አጽድቶ የሚሠራ ሰው የምታውቁም ቦታውን ጻፉልኝ፣ ከሩቅም ቢሆን እሄዳለሁ።

ብሬን አልመለሰልኝም። ጠይቄዋለሁ፣ «ሥራ ተሠርቷል» ነው ያለኝ።