ኮፒ አደረግን ብለን ግማሹን የጣልነው

ጃቫስክሪፕት የሚባለውን የፕሮግራሚንግ ቋንቋ የነካ ሰው ሁሉ ይህቺን የኮድ መስመር ያውቃታል። ኦብጀክቱን (እሴቶችን በስም በስማቸው የያዘውን ጥቅል) በጄሰን ስትሪንጊፋይ ጽሑፍ ታደርጉታላችሁ (ጄሰን ዳታ በጽሑፍ የሚቀመጥበት ፎርማት ነው)፣ ጽሑፉን እዚያው በጄሰን ፓርስ መልሳችሁ ኦብጀክት ታደርጉታላችሁ፣ በቃ፣ ዲፕ ኮፒ፣ ማለትም ውስጡ ያለው ሁሉ አብሮ የተባዛ ኮፒ ተገኘ። ላይብረሪ አትፈልግም። እኔም ለዓመታት ተጠቅሜባታለሁ፣ ለጀማሪዎችም አሳይቻለሁ። አሁን ግን ኮድ ሪቪው ላይ (የባልደረባን ኮድ ስገመግም) ባየኋት ቁጥር ደሜ ይፈላል።

ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ። አንድ የሠራሁበት ሲስተም ላይ እያንዳንዱ ደንበኛ በቀን ስንት ፋይል መጫን እንደሚችል የሚወስን ቁጥር ነበር። ገደብ ለሌለበት ደንበኛ ኢንፊኒቲ (መጨረሻ የሌለው ቁጥር) ሰጥተነዋል። ቼኩ ቀላል ነው፦ የጫነው ከገደቡ ካነሰ ይለፍ። ያለችግር ሲሠራ ቆየ። አንድ ቀን ከመካከላችን አንዱ (እሺ፣ እኔ ነኝ) የሴቲንግ ኦብጀክቱን ከመነካካቴ በፊት ኮፒ ላድርገው ብሎ ያቺን መስመር ጨመረ። በማግስቱ ገደብ የሌላቸው ደንበኞች በሙሉ «የዛሬውን ገደብዎን ጨርሰዋል» ይባሉ ጀመር። ገደብ ያለባቸው ምንም አልሆኑም። ጉዱ ምን መሰላችሁ፣ ጄሰን ኢንፊኒቲ የሚባል ነገር አያውቅም፤ ስትሪንጊፋይ ሲያገኘው ነል፣ ማለትም «ምንም የለም» ብሎ ይጽፈዋል። ጃቫስክሪፕት ደግሞ ነልን ከቁጥር ጋር ሲያወዳድር እንደ 0 ይቆጥረዋል። 0 ከ0 ያንሳል? አያንስም። ስለዚህ ሁሉ የተፈቀደለት ደንበኛ አንድ ፋይል እንኳ መጫን አቃተው። ኤረር የለም። ሎግ ላይ አንዲት ቀይ መስመር የለችም።

ቀንም ላይ ያው ነው። ዴት (የቀን ኦብጀክት) የነበረው ዞሮ ሲመጣ ስትሪንግ፣ ማለትም ተራ ጽሑፍ ሆኖ ነው። በእርግጥ የዴት ሜተድ (የራሱን ፈንክሽን) ብትጠሩበት ኤረር ይሰጣል፣ ያ መልካም ነው። ግን ከሌላ ዴት ጋር በትልቅነት ብታወዳድሩት ስትሪንጉ ወደ ቁጥር ሲለወጥ ናን (ቁጥር ያልሆነ) ይሆናል፣ ከናን ጋር በትልቅነት የተወዳደረ ነገር ደግሞ መልሱ ሁልጊዜ ፎልስ (ሐሰት) ነው። «ጊዜው አልፏል?» ፎልስ። «ገና ነው?» እሱም ፎልስ። አንዲፋይንድ (እሴት ያልተሰጠው) የያዘ ፊልድና ፈንክሽን ከኦብጀክቱ ይጠፋሉ፣ ኤረይ (ተራ ዝርዝር) ውስጥ ከሆኑ ግን ነል ሆነው ቦታቸውን ይይዛሉ። ማፕና ሴት (አዎ፣ በአማርኛ ሲጻፍ ያስቃል፣ የኮሌክሽኑን ዓይነት ማለቴ ነው) ባዶ ኦብጀክት ሆነው ይመለሳሉ። በግልጽ የሚጮኸው ሁለት ቦታ ላይ ብቻ ነው ማለት ይቻላል፦ ዞሮ ራሱን የሚጠቁም ኦብጀክትና ቢግኢንት (ለግዙፍ ሙሉ ቁጥሮች የተሠራው ዓይነት) ሲያጋጥመው። ዝም አይነቅዝም ይባላል። እዚህ ግን የነቀዘው ዝም ያለው ነው።

ጥፋቱ የጄሰን አይደለም። ጄሰን ዕቃ ማጓጓዣ ነው። የሚያውቀው ስድስት ዓይነት እሴት ብቻ ነው፦ ኦብጀክት፣ ኤረይ፣ ስትሪንግ፣ ቁጥር፣ ቡሊያን (እውነት ወይም ሐሰት) እና ነል። ዳታ ከአንድ ቋንቋ ወደ ሌላ፣ ከሰርቨር ወደ ብራውዘር እንዲሻገር ነው የተሠራው፣ ለዚያም እንዲህ ድሃ መሆኑ ጥሩ ነገር ነው። እኛ ነን እዚያው ሜሞሪ ውስጥ ላለ ነገር መንታ አውጣልን ያልነው። ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው ክፍል ወንበር ለማሻገር ወንበሩን ፈታትቶ ካርቶን ውስጥ ከትቶ እንደገና እንደመግጠም ነው፤ ሁለት ብሎን ቢጎድል ምን ይገርማል?

ኮፒ ለማድረግ ስትራክቸርድ ክሎን የሚባል ፈንክሽን አለ። ፋየርፎክስ በ2021 መጨረሻ፣ ክሮምና ሳፋሪ በ2022 መጀመሪያ አስገቡት፣ ኖድ (ጃቫስክሪፕትን ከብራውዘር ውጭ የሚያስኬደው) ላይም ከቨርዥን 17 ጀምሮ አለ። አልጎሪዝሙ ራሱ አዲስ አይደለም፤ ወደ ዌብ ወርከር (ከጀርባ ለብቻው ወደሚሮጥ ኮድ) መልእክት ስትልኩ፣ ኢንዴክስድ ዲቢ (የብራውዘሩ ዳታቤዝ) ውስጥ ስታስቀምጡ ከጀርባ ሲሠራ የኖረው እሱ ነው። ዴት ዴት ሆኖ ይቀራል፣ ማፕ ማፕ፣ ኢንፊኒቲም ኢንፊኒቲ። ራሱን የሚጠቁም ኦብጀክት አያስደነግጠውም። እኔን ደስ የሚለኝ ግን ሌላ ነው፦ አንድ ኦብጀክት ሁለት ቦታ ላይ ከተጠቀሰ፣ ኮፒው ውስጥም ሁለቱ ቦታ የሚጠቁሙት አንዱኑ ነው። ጄሰን ሁለት የማይተዋወቁ ኦብጀክቶች ያደርጋቸዋል።

ፍጹም ነው አላልኩም። የራሳችሁን ክላስ ኢንስታንስ (እናንተ ከነደፋችሁት ዓይነት የተፈጠረ ኦብጀክት) ብትሰጡት ፊልዶቹን ይዞ ሜተዶቹን ይጥላል፣ እሱም ቢሆን ዝም ብሎ ነው። እዚያ ላይ አልከራከርለትም። ክላስ ካላችሁ ኮፒ የሚያደርግ ሜተድ ራሳችሁ ጻፉለት፤ ምኑ የጋራ፣ ምኑ የግል እንደሆነ ከእናንተ በላይ ማን ያውቃል? ቪው 3 በሚባለው የዌብ ፍሬምወርክ ላይ የምትሠሩም ሪአክቲቭ የተደረገ (ለውጡ የሚከታተል) ኦብጀክት በቀጥታ ስትሰጡት እምቢ ይላችኋል፣ ኦብጀክቱ በፕሮክሲ (መሃል ቆሞ በሚከታተል መጠቅለያ) የተሸፈነ ነው፣ እሱ ደግሞ ፕሮክሲ ኮፒ አያደርግምና። «ጄሰኑ ይፈጥናል» የሚሉም አሉ፤ ለትናንሽ ተራ ኦብጀክቶች የሚፈጥንበት ጊዜ አለ፣ እውነት ነው። ፈጥኖ ግማሹን የጣለውን ግን እንደ ፍጥነት አልቆጥርለትም። ደግሞ ብዙ ጊዜ መላው ኦብጀክት ኮፒ መደረግ የለበትም፤ የሚቀየረው አንድ ፊልድ ከሆነ ወደዚያ የሚወስደውን መንገድ ብቻ በስፕሬድ (በሦስቱ ነጥብ፣ ...) ማደስ ይበቃል።

ዳታው በእርግጥ የሚሄድ ከሆነ ማለትም ወደ ሰርቨር ወይም ወደ ሎካል ስቶሬጅ (ብራውዘሩ ጽሑፍ ወደሚያስቀምጥበት ቦታ)፣ ያኔ ጄሰን ቦታው ነው። ግን ዴቱ ምን ሆኖ ሄዶ ምን ሆኖ እንደሚመለስ እናንተ ወስኑ፦ ሲወጣ በሪፕሌሰር፣ ሲገባ በሪቫይቨር፤ ሁለቱም እሴቱን በመንገድ ላይ እንድትቀይሩ ለስትሪንጊፋይና ለፓርስ የምትሰጧቸው ፈንክሽኖች ናቸው። አንዲት ወጥመድ አለች፣ ግማሽ ቀን ስለበላችብኝ ልንገራችሁ። ሪፕሌሰሩ ዘንድ ሲደርስ ዴቱ ቀድሞ ስትሪንግ ሆኗል፤ ቱ ጄሰን የሚባለው የራሱ ሜተድ ይቀድማል። ስለዚህ «ይሄ ዴት ነው?» ብላችሁ ብትጠይቁ መልሱ ሁልጊዜ አይደለም ነው። ዋናውን እሴት ለማግኘት ዲስን (እሴቱን የያዘውን ኦብጀክት) በቁልፉ፣ ማለትም በፊልዱ ስም መጠየቅ አለባችሁ፣ ሪፕሌሰሩም አሮው ፈንክሽን መሆን የለበትም፣ እሱ የራሱ ዲስ የለውምና።

ወደዚያ የፋይል ገደብ ልመለስ። ያቺን መስመር አውጥተን ስትራክቸርድ ክሎን አስገባን። ገና ቴስቱ ሲነሳ ፈነዳ፦ ዳታ ክሎን ኤረር፣ ማለትም «ይሄን ኮፒ ማድረግ አልችልም»፤ ስትራክቸርድ ክሎን ፈንክሽን ኮፒ አያደርግም። ሴቲንጉ ውስጥ ለካ አንድ ሰው ፈንክሽን ወሽቆ ኖሯል፣ ገደቡ ሊያልቅ ሲል ለደንበኛው ማስጠንቀቂያ የሚልክ። የእኔ መስመር ከገባች ጀምሮ በየኮፒው ሲጣል፣ አንድም ማስጠንቀቂያ ሳይወጣ ከርሟል። ፈንክሽኑን ከሴቲንጉ አውጥተን ሌላ ሞጁል ውስጥ አስቀመጥነው። በማግስቱ ኢሜይሎቹ መውጣት ጀመሩ፣ አንድ ደንበኛም ይሄ አዲስ ፊቸር ነው ወይ ብሎ ጠየቀን።