ውሻው በጮኸ ቁጥር ባለቤቱን መውቀስ ሥልጠና አይባልም

ሰሞኑን አንድ የውሻ አሰልጣኝ የለቀቀው ቪዲዮ ከስልክ ስልክ ሲዞር ሰንብቷል። መልእክቱ ባጭሩ እንዲህ ነው። ሌላ ውሻ ባየ ቁጥር የሚጮኽ፣ ገመዱን እየጎተተ የሚዘል ውሻ ራሱ ችግር የለበትም። ችግሩ ያለው ባለቤቱ ላይ ነው። ባለቤቱ ልበ ሙሉ ከሆነ ውሻው ወዲያው ይረጋጋል። ፈሪ ከሆነ ግን ውሻው አለቅነቱን ይቀማዋል። ስለዚህ በራሱ የማይተማመን ሰው ውሻ ባያሳድግ ይሻለዋል። ይህን እያለ አሰልጣኙ ገመዱን ከባለቤቷ እጅ ይቀበልና ሁለት ሦስቴ ነጠቅ ነጠቅ ያደርገዋል። ውሻው ጸጥ ይላል። ሴትየዋ አንገቷን ደፍታ ቆማለች። ተመልካቹ ያጨበጭባል።

አሰልጣኙስ ሥራው ነው፣ ቪዲዮው ካልታየለት ደንበኛ አያገኝም። እኔን ያበሸቀኝ ጭብጨባው ነው። ግልፍተኛ ውሻ ይዞ የሚኖር ሰው እኮ ወቀሳ አልጎደለበትም። እኔም ከነዚህ ሰዎች አንዱ ነኝና አውቀዋለሁ። በሩን ከመክፈቱ በፊት ውጭ ኮቴ አለ ወይ ብሎ ያዳምጣል። ሰው በማይወጣበት ሰዓት ይወጣል። እንግዳ መጥራት ትቷል። ውሻው መንገድ ላይ ሲጮኽ አላፊ አግዳሚው ሁሉ ዳኛ ይሆንበታል። እዚህ ሰው ላይ «ጥፋቱ ያንተ ነው» ብሎ መጨመር ምን የሚሉት እውቀት ነው? እሱማ ሲብሰለሰልበት ነው የሚያድረው።

መጀመሪያ ያቺን የአለቅነት ተረት እንገላገላት። የመጣችው ከተኩላ ነው። ሩዶልፍ ሼንክል እ.ኤ.አ. በ1947 ስለ ተኩላዎች ያወጣው ጥናት በስዊዘርላንዷ ባዝል ከተማ፣ መካነ እንስሳት ውስጥ የታጎሩ ተኩላዎችን በማየት የተሠራ ነው። ዴቪድ ሜች ደግሞ በ1970 ባሳተመው መጽሐፍ «አለቃ ተኩላ» የሚለውን ሐሳብ በሰፊው አሰራጨው። ታዲያ ይኸው ሜች ከ1986 ጀምሮ ካናዳ ውስጥ ወዳለው ኤልስሚር ደሴት እየተመላለሰ የዱር ተኩላዎችን በቅርብ ሲያይ ነገሩ ሌላ ሆነበት። መንጋው ቤተሰብ ነው። አለቆች የተባሉት እናትና አባት ናቸው፣ ተከታዮቹም ልጆቻቸው። ይህንኑ በ1999 ጻፈ። የገዛ መጽሐፉን አሳታሚው ማተም እንዲያቆም እስከ መወትወት ደረሰ። ሐሳቡን ያስፋፋው ሰውዬ ራሱ ከጣለው ይኸው ስንት ዘመኑ፣ እነዚህ ግን ከወደቀበት አንሥተው ይቸረችሩታል።

ደግሞስ መንገድ ማዶ ባለ ውሻ ላይ የሚጮኽ ውሻ ከባለቤቱ የሚቀማው የትኛውን ሥልጣን ነው? አብዛኛውን ጊዜ ፈርቷል። አንዳንዱ ሄዶ መጫወት ፈልጎ ሲከለከል የሚበሳጭ ነው። የፈራው በገመድ ስለታሰረ መሸሽ አይችልም። የቀረችው አማራጭ ጮኾ ማባረር ናት። ያኛው ውሻ መንገደኛ ነውና ያልፋል። የኛው ደግሞ በጩኸቴ አባረርኩት ብሎ ይማራል። በሚቀጥለው ጊዜ ቀደም ብሎ፣ አብልጦ ይጮኻል። ነገሩ ይኼው ነው። ዙፋን የለበትም።

«ፍርሃት በገመዱ በኩል ይተላለፋል» የሚለው ግን ግማሽ እውነት አለበት። ባለቤቱ ከሩቅ ሌላ ውሻ ሲያይ ይደነግጣል፣ ገመዱን ያሳጥራል፣ ትንፋሹን ይይዛል። ውሻው ይህን ያውቅበታል። በ2019 በስዊድን 58 ውሾችና ባለቤቶቻቸው ላይ የተሠራ ጥናት በፀጉራቸው ውስጥ ያለውን ኮርቲሶል የተባለ የጭንቀት ሆርሞን ለክቶ ነበር። በረጅም ጊዜ የሁለቱ መጠን ተያይዞ ከፍና ዝቅ ሲል ታየ። እሺ፣ ይህን ተቀብያለሁ። ከዚህ አንድ ጋት አላልፍም። ጥናቱ መንገድ ላይ ስለሚጮኹ ውሾች አልጠየቀም፣ «ፈሪ ባለቤት ውሻ ያበላሻል» ብሎም አልፈረደም። ሰውየው ለምን እንደሚፈራ የሚጠይቅ ሰው ለምን ጠፋ? ማንም ሰው የመንገድ መታጠፊያ እየፈራ አልተወለደም። የሚፈራው ባለፈው እዚያ ጋ ክንዱ ሊገነጠል ስለነበር ነው። ፍርሃቱ የደረሰበት ነገር ውጤት ነው። እነሱ ውጤቱን አንሥተው ምክንያት አደረጉት።

ለነገሩ በፊንላንድ 13,700 ውሾች ላይ በተደረገ ጥናት፣ ውጤቱም በ2020 በታተመ፣ ባለቤቶች ከሰጡት መረጃ 72.5 ከመቶው ውሻ ቢያንስ አንድ ከጭንቀት ጋር የተያያዘ የባሕርይ ችግር ነበረበት። አንዱ ድምፅ ይፈራል፣ ሌላው እንግዳ ሰው ይፈራል፣ ሌላው ይቆጣል። ይህ ሁሉ ባለቤት ወኔ ቢስ ነው? አገር ሙሉ ሰው?

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። «ልበ ሙሉ ሁን» ተብሎ ልበ ሙሉ የሆነ ሰው አይቼ አላውቅም። በራስ መተማመን በትእዛዝ አይመጣም። አልበርት ባንዱራ የተባለው የሥነ ልቦና ሊቅ በ1977 «እችላለሁ» የሚለው እምነት ከየት እንደሚመጣ ሲዘረዝር፣ ከሁሉ የሚበረታው ምንጭ ሰው ራሱ ሠርቶ የተሳካለት ነገር ነው አለ። በቃል ማበረታታት ከዚያ በጣም ደካማ ነው። አንድ ውድቀት ሲመጣ ይተናል። ስለዚህ የአሰልጣኝ ሥራ የሰውየውን ደረት ማስነፋት ሊሆን አይችልም። ሰውየው ሊሳካለት የሚችል ትንሽ ሥራ መስጠት ነው። ከዚያ ሌላ ትንሽ። ለውሻውም እንደዚሁ።

የሚገርመው ይህ ዘዴ መቶ ዓመት አልፎታል። የሥነ ልቦና ተመራማሪዋ ሜሪ ከቨር ጆንስ በ1924 ፒተር ስለተባለ፣ ገና ሦስት ዓመት ስላልሞላው ልጅ ጽፋለች። ልጁ ጥንቸል ይፈራል። ከፀጉር የተሠራ ካፖርትና ጥጥ እንኳ ያስፈራዋል። መጀመሪያ ላይ ጥንቸሏ ሽቦ ውስጥ ተዘግታ ክፍሉ ውስጥ መኖሯ ብቻ ይረብሸው ነበር። ቀጥሎ 12 ጫማ ርቃ፣ ማለትም 3.6 ሜትር ገደማ ላይ፣ ቻላት። ከዚያ 4 ጫማ። ከዚያ 3። ልጁ የሚወደውን እየበላ ጥንቸሏ ፍርሃቱን በማትቀሰቅስበት ርቀት ትቀመጣለች፣ ቀስ በቀስም ትጠጋለች። በስተመጨረሻ ጣቱን ስትቀነጥበው ዝም የሚል ልጅ ሆነ። ጆንስ አንድ ማስጠንቀቂያም ትታለች። ሥራው በጥንቃቄ ካልተያዘ ልጁ ጥንቸሏን በመልመድ ፈንታ ምግቡን መፍራት ሊጀምር ይችላል። ልብ በሉ፣ ፒተርን «ወንድ ሁን» ያለው የለም። ጥንቸሏን ፊቱ ላይ የደቀነበትም የለም።

ውሻ ላይ የሚሠራውም ይኸው ነው። ርቀቱን ፈልጉ። ውሻችሁ ሌላውን ውሻ አይቶታል፣ ጆሮው ቆሟል፣ ግን ገና ቁራሽ ሥጋ ይቀበላል፣ ስሙንም ስትጠሩት ይዞራል። መማር የሚችለው እዚያ ርቀት ላይ ነው። ሥጋውን እምቢ ካለ ወይም ጣታችሁን እስኪነክስ ድረስ ከነጠቀ ቀርባችኋል፣ ወደ ኋላ በሉ። ቅደም ተከተሉ ደግሞ አይዛባ። መጀመሪያ ያኛው ውሻ ይታይ፣ ከዚያ ሥጋው ይምጣ። ያኛው ሲሄድ ሥጋውም ይቁም። ብዙ ሰው ቸኩሎ ሥጋውን ያስቀድምና ውሻው ሥጋ ባየ ቁጥር «ማን መጣ?» ብሎ መደንገጥ ይጀምራል። ጆንስ የፈራችው ይህንኑ ነበር።

ለባለቤቱም የራሱ ልምምድ አለው፣ ይህንን ማንም አይነግረውም። ዞሮ መመለስን ባዶ ክፍል ውስጥ ይለማመድ። አንድ ቃል ይምረጥ፣ ቃሏን ሲል ዞር ይበል፣ ውሻው አብሮት ሲዞር ይሸልመው። እግሩ ሳያስብ እስኪያደርገው ይደጋግመው። ከዚያ ጸጥ ያለ መንገድ ላይ፣ ማንም በሌለበት። ሌላ ውሻ ባለበት የሚሞክረው በመጨረሻ ነው። ያኔ መታጠፊያው ላይ ድንገት ውሻ ብቅ ቢል «ወይኔ!» ብሎ ከመድረቅ ይልቅ የሚያደርገው ነገር አለው። እግሩ ይዞራል፣ እጁ ኪሱ ይገባል። የቆመ መኪና ካለ ከጀርባው ይከለላል። ሥጋውን ሣሩ ላይ በትኖ ውሻው እያሸተተ እንዲፈልግ ያደርጋል። ፍርሃቱ አልጠፋም፣ ግን ሥራ አግኝቷል። ሳይጮኹ ተመልሰው ቤት ሲገቡ ያ ቀን በሁለቱም ሒሳብ ላይ ገብቷል። ጉዞው አጭር ነበር አልነበረም ማን ይጠይቃል? ክፉ ቀን ከነበረ ደግሞ ነገ ባይወጡ ምንም አይደል። ቤት ውስጥ ሥጋ ደብቆ ማስፈለግም ውሻ ያደክማል።

የአፍ መከለያውንም አልዘለውም። ቅርጫት መሳዩ ዓይነት ውሻው አፉን ከፍቶ እንዲያለከልክ፣ ውሃ እንዲጠጣ፣ ሥጋም እንዲቀበል ያስችለዋል። ቀስ ተብሎ ከተለማመደ ውሻው ራሱ አፉን ያስገባበታል። ሰው ሲያየው «አውሬ ነው» ይላል። ይበል። ባለቤቱ ግን ዛሬ ማንም እንደማይነከስ ስላወቀ ትከሻው ይወርዳል፣ ገመዱ ይላላል። ያ ሁሉ የልበ ሙሉነት ስብከት ያላመጣውን ይህ ዕቃ ያመጣዋል።

ይህን ስንል «ሥጋ መስጠት ጉቦ ነው» የሚሉ አይጠፉም። ገመድ መንጠቅስ ምን ሊባል ነው? ምክር? የአሜሪካ የእንስሳት ባሕርይ ሐኪሞች ማኅበር በ2021 ባወጣው አቋም በሽልማት የሚሰጥ ሥልጠና ለሁሉም ውሾች፣ ለሚቆጡትም ጭምር፣ የሚመረጥ መሆኑን በግልጽ አስቀምጧል። አለቅነት ላይ የተመሠረተውን ሥልጠና በተመለከተም ገና በ2008 አስጠንቅቆ ነበር።

«ግን እኮ ቪዲዮው ላይ ሠርቷል» ትሉኝ ይሆናል። ምኑ ነው የሠራው? ውሻው ዝም አለ። ዝም ያለ ሁሉ ተረጋግቷል ያለው ማነው? በፔንሲልቬኒያ ዩኒቨርሲቲ የባሕርይ ክሊኒክ በመጡ 140 ባለቤቶች ላይ የተሠራ፣ በ2009 የታተመ ጥናት ነበር። ውሻቸውን ከመቱት ወይም ከረገጡት ባለቤቶች 43 ከመቶው ውሻው በቁጣ እንደመለሰላቸው ተናግረዋል። በጀርባው ገልብጠው ከያዙት 31 ከመቶው፣ አፍጥጠው ካዩት 30 ከመቶው እንዲሁ። በ2020 ደግሞ በፖርቱጋል 92 ውሾች ላይ በተሠራ ጥናት፣ በቅጣት የሠለጠኑት በሽልማት ከሠለጠኑት ይልቅ ብዙ የጭንቀት ምልክት አሳይተዋል። ከሥልጠናው በኋላ ኮርቲሶላቸውም የበለጠ ከፍ ብሎ ተገኝቷል። ከሁሉ የሚከፋው በማጉረምረሙ የተቀጣ ውሻ ነው። ማጉረምረሙን ይተዋል። ፍርሃቱ ግን የትም አልሄደም። ከዚያ ወዲያ ሳያስጠነቅቅ ይነክሳል፣ ሰዎችም «ድንገት ተነሣበት» ይላሉ።

ካሜራው ሲጠፋ ገመዱን የሚይዘው ማነው? ያቺው አንገቷን የደፋችው ሴት። አሁን ውሻዋ ይበልጥ ፈርቷል። እሷ ደግሞ «እሱ ሲይዘው ዝም ያለ ውሻ እኔ ስይዘው የሚጮኸው እኔ ስለማልረባ ነው» የሚል ነገር በሕዝብ ፊት ተምራ ሄዳለች። በራስ መተማመንን እየሰበከ የሰውን በራስ መተማመን እንደዚህ የሚያፈርስ ሙያ ሌላ የት አለ?

ሐኪም ጋ ውሰዱት ያላትም አልነበረም። የታመመ መገጣጠሚያ፣ የጆሮ ሕመም፣ የጥርስ ሕመም ውሻን ግልፍተኛ ያደርጋል። ባሕርይ ለማረም ከመነሣት በፊት የእንስሳት ሐኪም ያየው ዘንድ መንገር የአንድ ዓረፍተ ነገር ሥራ ነበር። እሷም ተዘለለች።

ስለ ፒተር ግን ያስቀረሁት አንድ ነገር አለ። ልጁ መሻሻል ከጀመረ በኋላ ታሞ ሆስፒታል ገብቶ ነበር። ድኖ ሲወጣ፣ ከነርሷ ጋር ታክሲ ሊገቡ ሲሉ፣ አንድ ትልቅ ውሻ እየሮጠ መጥቶ ዘለለባቸው። ልጁም ነርሷም ክው አሉ። ወደ ሙከራው ክፍል ሲመለስ ፍርሃቱ ከመነሻው ቦታ ላይ ነበር። በምግብ የታገዘው ሥራ በደንብ የተጀመረው ከዚህ በኋላ ነው።

ግልፍተኛ ውሻ ያላቸው ሰዎች ይህን ታሪክ ሲሰሙ አይገረሙም። ለወራት የለፉበት ነገር በአንድ ሰው ግዴለሽነት ሲፈርስ አይተዋል። ውሻውን ፈትቶ የለቀቀው ሰው ሁልጊዜ ከሩቅ ነው የሚጮኸው። «አይዞህ፣ የኔ ሰው አይነካም፣ መጫወት ፈልጎ ነው!» ይላል። እሱ ተናግሮ ሳይጨርስ ውሻው ደርሷል። የኛው ገመድ ላይ ተወጥሮ ይንቀጠቀጣል፣ በኋላም «አላሠለጠነውም» የሚባለው የኛው ባለቤት ነው። ስለ ባለቤት ኃላፊነት ቪዲዮ መሥራት የሚወድ ሁሉ እስቲ አንድ ጊዜ ከዚህኛው ባለቤት ይጀምር። ወንድሜ፣ ያንተ አይነካ ይሆናል። የኔ ይነካል። ጥራውና እሰረው።