ለጯሂዎቻችን የቀረበ ምስጋና

ዕድሜያቸው ከ60 ዓመት ካለፈ ሰዎች መካከል ከ25 በመቶ በላይ የሚሆኑት ኑሯቸውን የሚያውክ የመስማት ችግር እንዳለባቸው የዓለም ጤና ድርጅት ይናገራል። እንግዲህ በየሳሎኑ፣ በየዕድሩና በየለቅሶ ቤቱ ጥግ ይዘው «እ?» የሚሉት እነዚህ ናቸው። እግዜር ይስጠን፣ እኛ ባንኖር ምን ይውጣቸው ነበር?

ከሁሉ በፊት መመስገን ያለበት ጩኸታችን ነው። ጆሮው የደከመ ሰው «ምን አልክ?» ሲለን ጠጋ ብለን፣ ፊታችንን ወደሱ አዙረን፣ ረጋ ብለን አንደግምለትም። ይሄ የሰነፍ ዘዴ ነው። እኛ ከቆምንበት ሳንነቃነቅ ድምፃችንን ብቻ እንለቀዋለን። በአንድ ጤና ጣቢያ ያየኋት ነርስ ለዚህ ሜዳሊያ ይገባታል። አፏን በማስክ ሸፍና፣ ዓይኗን ካርዱ ላይ ተክላ፣ «አባባ፣ ሳል አለብዎት?» አለች።

«የለብኝም ልጄ» አሉ አዛውንቱ። «ለማንም ቃል አልገባሁም።»

«ሳል! ሳል ነው ያልኩት! ሳኣኣል!»

ወረፋ የያዘው ሰው በሙሉ ዞረ። ሁለት ወጣቶች አፋቸውን በእጃቸው ይዘው ሳቁ። አዛውንቱ ባርኔጣቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡና «እሺ» አሉ። ነርሷም ካርዱ ላይ አንድ ነገር ጻፈች። ሳል አለባቸው ብላ ሳይሆን አይቀርም፤ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ሽሮፕ ይዘው ሲወጡ አይቻለሁ።

ምቀኞች እዚህ ላይ ሳይንስ ይጠቅሱብናል። በዕድሜ የሚደክም ጆሮ መጀመሪያ የሚያጣው ቀጫጭኑን ድምፅ ነው ይላሉ። «ሰ»፣ «ፈ»፣ «ተ» እና መሰሎቻቸው ቀድመው ይሄዳሉ፣ «ኣ» እና «ኦ» ይቀራሉ፤ ስለዚህ ሰውየው መናገራችንን ይሰማል፣ ምን እንዳልን ግን አይለይም። ስንጮህ ደግሞ ይበልጥ የሚያብጠው ያው የቀረለት «ኣ» ነው። ይባስ ብሎ በውስጠኛው ጆሮ ያሉት ጸጉር መሰል ሕዋሳት አንዴ ከሞቱ ተመልሰው አይበቅሉም። እነሱ ሲመናመኑ ዝቅ ያለው ድምፅ ጨርሶ አይሰማም፣ ከፍ ያለው ድንገት ያማል። አሁን «አልሰማሁም» ያሉን ሰውዬ ወዲያው «አትጩህብኝ፣ ደንቆሮ አይደለሁም!» ብለው የሚቆጡት ለዚህ ነው አሉ። እኛ ግን ይህን ምስጋና ቢስነት ብለን እናልፈዋለን። ጉሮሯችንን እስክንዘጋ ደክመን!

ሁለተኛው ችሎታችን ምርመራ ነው። ሐኪም ጆሮ ለመመርመር ድምፅ የማያስገባ ክፍልና የጆሮ ማዳመጫ ሲፈልግ፣ እኛ ከኩሽና ሆነን በአንድ ዓረፍተ ነገር እንጨርሰዋለን፦ «ተዋቸው፣ ሲፈልጉ ይሰማሉ!» ማስረጃችንም አይናወጥም። ቴሌቪዥኑ እያወራ፣ ውኃው እየፈሰሰ፣ ጀርባችንን ሰጥተን «ምሳ ቀርቧል» ስንላቸው አይሰሙም፤ ማታ ቤቱ ጭር ሲል ፊት ለፊታቸው ተቀምጠን የቤት ኪራዩን ስናነሳ አንዲት ቃል አታመልጣቸውም። ስለ ብር ሲሆን ጆሯቸው ይከፈታል ማለት ነው። ጭርታው፣ ብርሃኑ፣ ከንፈራችንን ማየታቸው፣ የሚናገረው አንድ ሰው ብቻ መሆኑ ምንም አልረዳቸውም። ብሩ ነው።

ይህ ምርመራ ብዙ ወጪ ቆጥቦልናል። ከመካከላቸው ጆሯቸው በኩክ ብቻ የተደፈነ ይኖራሉ፤ ሐኪም አጥቦ በጥቂት ደቂቃ ይለቃቸው ነበር። እንደ ጄንታማይሲንና ስትሬፕቶማይሲን ያሉ መድኃኒቶች የጎዷቸውም አሉ። «ዕድሜ ነው» ብለን ስለምንገላገል ግን ማንም ለካርድ አይከፍልም፤ ኩኩም በክብሪት እንጨት ወደ ውስጥ እየተገፋ በሰላም ይኖራል።

ሦስተኛው የእኔ ተወዳጅ ነው። ቡና ተፈልቶ፣ ቄጠማው ተጎዝጉዞ ቤተሰቡ ተሰብስቧል። ታናሽየዋ ስለ አለቃዋ አንድ ነገር ታወራለች፣ ቤቱ በሳቅ ይፈርሳል። እናት ከአንዱ ፊት ወደ ሌላው እያዩ ዘግየት ብለው አብረው ይስቃሉ። ከዚያ አጠገባቸው ያለውን ልጅ ክርኑን ነካ አድርገው «ምን አለች?» ይሉታል።

«ምንም አይደል እማዬ፣ በኋላ እነግርሻለሁ።»

ምን ዓይነት ርኅራኄ ነው! ከደቂቃ ወሬ አንዲት ቃል አሳጥሮ ነግሯቸው ቢሆን ኖሮ ሊደክማቸው ይችል ነበር። «በኋላ» የተባለውም ቀን አንድ ቀን ይመጣል፤ እስከዚያው እናት ሲኒ ያቀባብላሉ። ሦስተኛው ስኒ ላይ ሲደርሱ መጠየቅ ያቆማሉ፣ ከወር በኋላ ደግሞ ቡናው ሲፈላ «እኔ ጋደም ልበል» ብለው መኝታ ቤት ይገባሉ። እኛም ለጎረቤት «እማዬ አሁን አሁን ዝምታ ታበዛለች፣ ጸሎት ላይ ናት» እንላለን። ከሰው መራቅ ለአእምሮ እንደማይበጅና የመስማት ችግር ከመርሳት በሽታ ጋር እንደሚያያዝ የሚጽፉ ሐኪሞች የእማዬን ጸሎት አላዩም።

ባንክ ቤት ደግሞ መስታወቱ ውስጥ ያለው ልጅ ከአዛውንቱ ጋር መድከም ትቶ ያመጧቸውን የልጅ ልጅ «ስንት ነው የሚያወጡት?» ብሎ ይጠይቃል። ገንዘቡ የእሳቸው፣ ፊርማው የእሳቸው፤ ወሬው የልጁ። ፈጣን አገልግሎት ይሏል እንዲህ ነው።

ተተኪ ማፍራቱም አልተዘነጋም። ለመስማት ደኅንነት 80 ዴሲቤል ድምፅ በሳምንት 40 ሰዓት፣ 100 ዴሲቤል ከሆነ ግን በሳምንት 20 ደቂቃ ብቻ ይበቃል ይላሉ የጤና ድርጅቱ ሰዎች። የሠርግ ድንኳናችን ይህን ድርሻ ሙሽሮቹ ገብተው ሳይቀመጡ ያሟላዋል። ዲጄው ደግነቱ፣ ትልቁን ስፒከር የሚያቆመው አዛውንቶቹ በክብር ከተቀመጡበት ወንበር ጎን ነው። እንዲሰሙ።

ስለ መስሚያ መሣሪያም ቢሆን አቋማችን ግልጽ ነው። መነጽር ያደረገውን «ዶክተር» እንለዋለን፤ ጆሮው ላይ መሣሪያ ያደረገውን ግን ከንፈር እንመጥለታለን፣ «ወይኔ፣ በዚህ ዕድሜው!»። ትከሻ ለትከሻ ስንሳሳም መሣሪያው «ሲጢጥ» ብሎ ሲያፏጭ ደንግጠን ወደ ኋላ እንፈናጠራለን። ሰውየውም ከሁለት ሳምንት በኋላ አውልቆ መሳቢያ ውስጥ ይከተዋል። ሲጠይቁት «ባትሪው አለቀ» ይላል።

ያለ መሣሪያ ለመኖር ደግሞ ሦስት መልስ ይበቃል፦ «እሺ»፣ «ይሁን» እና «እግዜር ያውቃል»። በእነዚህ ሦስቱ ሰው ዓመታት መግፋት ይችላል፤ የእኛ ዕድር አባል የሆኑ አንድ ጋሼ ገፍተዋል። ችግር የገጠማቸው በቅርቡ ነው። ጥሩምባ ነፊው ሊነጋጋ ሲል በራቸው ላይ ቆሞ ቀብር ሲጠራ አልሰሙም፤ ቀሩ። የዕድሩ ደንብ ደግሞ የታወቀ ነው፣ ከቀብር የቀረ ይቀጣል።

ጉዳዩ እሑድ ከሰዓት በስብሰባ ቀረበ። ዝናብ ቆርቆሮውን ይደበድባል፤ ጸሐፊው ወረቀቱን አፉ ላይ ለጥፎ ያነባል። ጋሼ ከኋላ ወንበር ሆነው እያንዳንዱን ነጥብ በአክብሮት ራሳቸውን እየነቀነቁ ተከታተሉ። አንዱ አባል ተነስቶ «ሰውየው እኮ አይሰሙም፣ ልጅ ልከን እንንገራቸው» ቢል ዳኛው «ለአንድ ሰው ብለን ደንብ አናፈርስም» አሉት። ድምፅ ይሰጥ ተባለ። ጋሼ ጎረቤታቸው እጁን ሲያወጣ አይተው እጃቸውን አወጡ፤ ሲጨበጨብም አጨበጨቡ።

ቅጣቱ በሙሉ ድምፅ ጸደቀ። ቃለ ጉባኤው ላይም «ተቀጪው ራሳቸው ውሳኔውን ደግፈዋል» የሚል ሐረግ ሰፍሯል።