የፕላስቲክ ታንከር በዳዶ አይታጠብም

በደሴ ጋራዦች የሰፈነ አንድ ልማድ እጅግ ያበሳጨኛል፤ የሞተር ሳይክል የነዳጅ ታንከር ቆሽሿል በተባለ ቁጥር መካኒኩ ታንከሩ ከምን እንደተሠራ እንኳ ሳይመለከት ዳዶና ጠጠር ጨምሮ መነቅነቅ ይጀምራል። ዘዴው ለብረት ታንከር የተለመደ ነው፤ ብረት ስለሚዝግ ዝገቱን ፈቅፍቆ የሚያነሳ ነገር ያስፈልገዋል። ፕላስቲክ ግን አይዝግም፤ በውስጡ የሚገኘው ከጀሪካንና ከውሃ ፕላስቲክ ከሚሸጥ ቤንዚን ጋር የገባ አሸዋ፣ አቧራና ዝቃጭ ነው። ዳዶው የታንከሩን ግድግዳ እየፋቀ አዲስ ብናኝ ይፈጥራል፤ ብናኙም ፊልትሮውን ይደፍናል፣ ካመለጠም የካርቡሬተሩን ቀጫጭን ቀዳዳዎች ይዘጋል። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ በሚያወጣው ዳገት ላይ፣ ከኋላ የጭነት መኪና እየተከተለ፣ ሞተሩ ነዳጅ አጥሮት ሲንተፋተፍ የሚሰማውን ጭንቀት የደረሰበት ያውቀዋል።

ትክክለኛው ሥራ ደግሞ ከባድ አይደለም፤ ቤንዚኑን ከእሳት ርቆ መገልበጥ፣ የነዳጅ መክፈቻውን ከነወንፊቱ ፈትቶ ማጽዳት፣ ታንከሩንም ለብ ባለ ውሃና በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ደጋግሞ እየነቀነቁ ጠርቶ እስኪወጣ ማለቅለቅ ነው። ትዕግሥት የሚጠይቀው ማድረቁ ነው። ውሃ ከቤንዚን ስለሚከብድ የቀረው ጠብታ ሁሉ ታች ተቀምጦ በመጀመሪያ ወደ ካርቡሬተሩ የሚወርደው እርሱ ነው፤ በደሴ ብርድና ጉም ደግሞ ታንከር በአንድ ከሰዓት አይደርቅም። ይህ እየታወቀ ሙሉ ዋጋ ተቀብሎ፣ ውስጡ የተፋቀና ገና እርጥብ የሆነ ታንከር ገጥሞ «አልቋል፣ ውሰድ» ማለት ደንበኛን መናቅ ነው።