ግራ እጄ ግራ ገባው

ወገን፣ ዛሬ ትንሽ ልተንፍስ። ስለ ኑሮ ውድነት አይደለም። ስለ ባጃጅ ታሪፍም አይደለም። ስለ ባክሃንዴ ነው፣ በቴኒስ በግራዬ በኩል የመጣችውን ኳስ ስለምመታበት ስልት።

ሜዳ ቴኒስ እጫወታለሁ። የጠረጴዛውን አይደለም። (ሐዋሳ ላይ “ቴኒስ እጫወታለሁ” ባልኩ ቁጥር ይህን ማስረዳት አለብኝ።) ከጀመርኩ ሦስት ዓመት አለፈኝ። ፎርሃንዴ፣ በቀኜ በኩል የመጣችውን የምመታበት፣ ሰው ፊት ቢቀርብ አያሳፍርም። ባክሃንዴን ግን በሁለት እጄ ጨብጬም የአንድ እጅ ያህል ጉልበት አጣሁበት። ኳሷ ወይ መረቡ ሥር ትወሸቃለች፣ ወይ አጥር ትዘላለች። መሃል የለም።

ይሄ ብቻ ቢሆን ዝም እል ነበር። ያበሸቀኝ ምክሩ ነው።

ከሜዳው ዳር አንዲት አግዳሚ ወንበር አለች። እሷ ላይ የተቀመጠ ሁሉ አሠልጣኝ ነው። ተራ የሚጠብቀው፣ ተጫውቶ የጨረሰው፣ ጓደኛውን ሊወስድ የመጣው፣ ሁሉም። ባለፈው ቅዳሜ በአንድ ጌም ውስጥ የሰማሁትን ልንገራችሁ። “እጅህን ዘርጋ!” አለ አንዱ። ዘረጋሁ። መረብ። “ኧረ ክርንህን እጠፍ!” አለ ሌላው። አጠፍኩ። አውት፣ ከመስመር ውጪ። “ቀድመህ ምታ እንጂ!” “አትቸኩል፣ ጠብቃት!” ይሄኔ ኳሷ አልፋኝ ሄዳለች። እኔ ራኬቴን እንደ መጥረጊያ ይዤ ቆሜ የማንን ልስማ እላለሁ።

አንድ ጋሼ ደግሞ አሉ። ጡረታ ወጥተዋል፣ ከላይ እስከ ታች ነጭ ነው የሚለብሱት። የእሳቸው ጥያቄ አንድ ነው። “አንተ ልጅ፣ ሁለተኛውን እጅ ምን አመጣው? ጆንያ ነው እንዴ የምታነሳው?” ለእሳቸው ባክሃንድ ማለት የስዊሱ ኮከብ ፌዴረር ነው፣ በአንድ እጅ። ውበቱን ማን ይክዳል? እኔም ሳየው አፌን ከፍቼ ነው። ግን እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2024 ከዓለም ወንዶች ምርጥ አሥር ተጫዋቾች ውስጥ በአንድ እጅ የሚመታ አንድም ሰው ጠፍቶ ነበር። ደረጃው በ1973 መውጣት ከጀመረ ወዲህ እንዲህ ሆኖ አያውቅም። ስዊድናዊው ቦርግ ከ1976 እስከ 1980 ትልቁን የለንደን ውድድር ዊምብልደንን አምስት ጊዜ በተከታታይ የበላውም ሁለት እጁን ይዞ ነው። አሜሪካዊቷ ተጫዋች ክሪስ ኤቨርት ልጅ ሳለች ራኬቱ ቢከብዳት በሁለት እጅ ያዘችው። አሠልጣኟም የሆኑት አባቷ ስታድግ ትተወዋለች ብለው ነበር። አልተወችም፣ በነጠላ 18 ግራንድ ስላም (የአራቱ ታላላቅ ውድድሮች ዋንጫ) ወሰደች። ይህን ሁሉ ለጋሼ ዘረዘርኩላቸው። በጽሞና ሰሙኝ። ከዚያ “እሷማ ልጅ ነበረች። አንተ የሁለት ልጆች አባት ነህ” አሉኝ። ምን ልበል?

አንድ ቀን ሲመረኝ ስልኬን ከውሃ ኮዳዬ ጋር አስደግፌ ራሴን ቀረጽኩ። ባላየሁት ይሻል ነበር። ቀኝ እጄ ብቻውን ይጎትታል። ግራው ራኬቱ ላይ ተለጥፎ አብሮ ይሄዳል፣ ባጃጅ ውስጥ ሾፌሩ ጎን በትርፍ እንደተጫነ ሰው። ምንም አይሠራም። እንዳይወድቅ ብቻ ይዟል።

በኋላ ነው ነገሩ የገባኝ። ቀኝ እጅ ከታች ይይዛል፣ ሰርቭ (ነጥቡን የምትጀምረው ኳስ) ሲመታ እንደሚይዘው። ግራ እጅ ከላይ ይሆናል። የሚመታው ደግሞ ግራው ነው! የሁለት እጅ ባክሃንድ ማለት የግራኝ ሰው ፎርሃንድ ነው፣ ቀኙ የሚያግዝበት። ሦስት ዓመት ሙሉ ስለ ክርኔ ሲሟገት የከረመው ወንበር ይህችን አንድ ነገር አልነገረኝም።

የእኔ ግራ እጅ ደግሞ ምን ያውቃል? ከልጅነቱ ጀምሮ አርፎ ተቀመጥ ሲባል ያደገ እጅ ነው። በእሱ እንጀራ ልቆርስ ስል እናቴ ጣቶቼን ቸብ ታደርጋቸው ነበር። ሰላምታ በግራ የለም። ጉርሻ በግራ የለም። ለታላቅ ዕቃ በግራ አይቀበሉም። እንዲህ አድርጌ አሳድጌው በጎልማሳነቱ ድንገት “ተነስ፣ ምራ” ስለው ግራ ቢገባው ይፈረድበታል?

ስለዚህ አሁን ራኬቱን በግራ ብቻ ይዤ ፎርሃንድ እለማመዳለሁ። ራሴ ኳስ አንጥሬ ግቢያችን ግንብ ላይ እመታለሁ። የመጀመሪያው ቀን ግንቡንም ሳትኩት። ጎረቤቴ እትዬ በአጥሩ በኩል ብቅ ብለው “እጅህን ምን ነካህ ልጄ?” አሉኝ። ቀኜን የታመምኩ መስሏቸው ነው። ማታ አጥሚት ላኩልኝ።

ሌላም ነገር አለ። በሁለት እጅ ሲያዝ የሚደረስበት ርቀት ያጥራል። አንድ ተጨማሪ እርምጃ መሮጥ ግድ ነው። እኔ ደግሞ ቆሜ እጄን መላክ እወዳለሁ። ትከሻን ቶሎ አዙሮ ኳሷን ከፊት ለፊት ማግኘት ነው እንጂ ሆድ አጠገብ ስትደርስ መታገል አያዋጣም። ይሄን አውቃለሁ። እግሬ ነው የማያውቀው።

አሁን ወደ ዋናው ብሶቴ ልምጣ። ኳስ የለም። ባለ ሦስት ኳሱ ጣሳ ስንት እንደገባ እዚህ አልጽፍም፣ ሚስቴ ታነባለች። ስለዚህ ፀጉራቸው የረገፈ፣ አየራቸው የወጣ ኳሶች ነው የምንደበድበው። ኳስ ከ254 ሴንቲሜትር ሲለቀቅ ቢያንስ 135 መንጠር አለበት ይላል ደንቡ። የእኛዎቹ ጉልበቴ ጋ ከደረሱ ተመስገን ነው። ቀን ወጥቶልን አዲስ ጣሳ ሲከፈት ደግሞ ሌላ ጣጣ። ሐዋሳ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ናት፣ አየሩ ይሳሳል፣ ኳስ ይበራል። ደንቡ እኮ ከ1,219 ሜትር በላይ ላለ ቦታ ለብቻው የሚሠራ ኳስ አለው። እኛ የተገኘውን ነው። ትናንት ለጉልበት ያጎነበስኩላት ኳስ ዛሬ ትከሻዬ ላይ ትመጣለች። በዚህ ላይ ከሰዓት በኋላ ከሐይቁ የሚነሳው ንፋስ አለ። የቱን ልልመድ?

የሰዉን ነገር ደግሞ ተመልከቱ። ስናሟሙቅ ሁሉም ጨዋ ነው፣ ለፎርሃንዴ እያደላደለ ይሰጠኛል። ነጥብ መቁጠር ሲጀመር ግን አንድ ኳስ ወደ ቀኜ አይመጣም። ሁሉም ባክሃንዴ ላይ! ይሁን፣ ጨዋታ ነው። ግን ጨርሰን “እስቲ ሃያ ኳስ ወደ ባክሃንዴ ወርውሩልኝ” ስል አንዱ ስልክ ይደወልለታል፣ አንዱን ወገቡን ያመዋል። የቀሩት አሞራ ገደል የዓሣ ሾርባ ሊጠጡ ይሄዳሉ። እዚያም የሚወራው ስለ ክርኔ ነው። ለምክር ጊዜ አለ። ሃያ ኳስ ለመወርወር የለም። የሚወረውርልኝ ኳስ አቀባዩ ልጅ ብቻ ነው። እሱም እየሳቀ።

ትናንት ጠዋት ግን አንዲት ተአምር ሆነች። ኳሷ ወደ ግራዬ መጣች፣ ዞርኩ፣ ግራ እጄ ለመጀመሪያ ጊዜ ገፋ። ጥርት ያለ ድምፅ ሰማሁ። ኳሷ መረቡን ሰያፍ አልፋ መስመሩ ላይ አረፈች። ሰው ዝም አለ። ከዚያ ከወንበሩ፦ “እጅህን ዘርጋ ብዬህ አልነበር?” “ክርንህን እጠፍ አላልኩህም?” ጋሼ ሳይቀሩ “አየህ፣ የእኔን ስትሰማ!” አሉ። የእሳቸው ምክር እኮ በአንድ እጅ ምታ ነበር!

ቀጣይዋን ኳስ አጥር አሻግሬ ላኳት። አንድ አባ ኮዳ (ያ ትልቁ ወፍ) አጠገብ ወደቀች፣ ዞር ብሎ እንኳን አላያትም። ስለዚያችኛዋ አላልኩህም ያለኝ ሰው የለም።