እንግዳ ሲያይ የሚጨምር ዋጋ

ከክፍለ ሀገር ለሕክምና፣ ለፍርድ ቤት ጉዳይ ወይም ለሠርግ አዲስ አበባ የሚመጣ ሰው ሌላም ጉዳይ ይዞ ይመጣል፤ ልብስና ጫማ። «እዚያ ርካሽ ነው» ተብሎ የተላከ ዝርዝር ኪሱ ውስጥ አለ። ለትንሹ ልጅ ስኒከር፣ ለእናት ነጠላ፣ ለራሱ ሱሪ። አገሩ ሲመለስ ግን ብዙው ሰው የገዛበትን ዋጋ ቀንሶ ነው የሚያወራው። እንዳይስቁበት።

አዲስ አበባ ርካሽ ልብስ መኖሩ ሐሰት አይደለም። ርካሹ ግን ለሁሉም ሰው ርካሽ አይደለም። አንዱ ጫማ፣ በአንድ ሱቅ፣ በአንድ ቀን፣ ለሰፈሩ ልጅ አንድ ዋጋ አለው፤ ከደሴ ወይም ከነቀምቴ ለመጣው ሌላ። «ገበያ ነዋ፣ ተከራከር» የሚለው መልስ ለእኔ አልተዋጠልኝም። እንግዳ ሰው ዋጋውን ሳያውቅ ምኑን ይዞ ነው የሚከራከረው?

መቼም ወሬው የሚጀምረው ከመርካቶ ነው። ጣሊያን በወረራው ዘመን የአገሬውን ገበያ ከአራዳ አንስቶ ወደ ምዕራብ ወሰደው፤ ስሙም ከዚያው ቀረ። አውቶቡስ ተራ አጠገቡ ስለሆነ፣ እዚያ የሚወርድ መንገደኛ ሻንጣውን እንደያዘ ገበያው ውስጥ ይገኛል። ልቅም ያለ ምቾት ይመስላል። ነገር ግን ሻንጣው ራሱ ዋጋ ያስጨምራል። ሻጩ ሻንጣውን ያያል፣ አነጋገሩን ይሰማል፣ ሰውየው ዛሬ ማታ ወይም ነገ ጠዋት እንደሚመለስ ይገምታል። የሚመለስ ሰው ደግሞ አማርጦ አይገዛም።

በር ላይ የሚቆሙት ልጆችም አሉ። «ምን ፈልገህ ነው ወንድሜ? ና ላሳይህ!» ልጁ መንገድ ያሳያል፣ ሻንጣም ያግዛል፣ ጨዋታም ይችላል። እስከ ሦስተኛ ፎቅ ይዞ ይወጣል። የልፋቱ ኮሚሽን ግን ከሻጩ ኪስ አይወጣም። ሱሪው ላይ ይደመራል። ልጁን አልወቅስም፤ እንጀራው ነው። ብቻዬን የገባሁበት ሱቅና ልጅ ይዞኝ የገባው ሱቅ አንድ ዋጋ ይጠሩልኛል ብሎ ማሰብ ግን የዋህነት ነው።

ብዙ ሰው መፍትሔው የከተማ ዘመድ ይዞ መሄድ ይመስለዋል። አንዳንዴ ይሠራል። ችግሩ ብዙ የአዲስ አበባ ሰው መርካቶን አያውቀውም። ከሰፈሩ ቡቲክ ነው የሚገዛው፤ ወይ መገናኛ፣ ወይ ሜክሲኮ፣ ወይ ቦሌ። እዚያ ያለው ልብስ ብዙውን ጊዜ ከዚያው ከመርካቶ ጅምላ ቤት የወጣ ነው። ልዩነቱ የሱቁ ኪራይ፣ መብራቱና መስተዋቱ ነው። እንግዳውን ቦሌ ወስዶ «ይሄ ጥሩ ነው» የሚለው ዘመድ ያስከፈለው የሕንፃውን ኪራይ መሆኑ አይታየውም።

ጅምላ ቤቶቹ በደርዘን ወይም በግማሽ ደርዘን ነው መሸጥ የሚፈልጉት። አንድ ሱሪ ብቻ የሚጠይቅ ሰው ብዙ ጊዜ መልስም አያገኝም። ለሠርግ አብረው የመጡ ሦስት አራት ዘመዳሞች ግን ተጋግዘው ግማሽ ደርዘን ቲሸርት ወይም የልጆች ካልሲ ቢወስዱ ነገሩ ይለወጣል። ቀኑም ይለያል። እሁድ አብዛኛው መርካቶ ዝግ ነው። አርብ የጁምዓ ሰዓት ብዙ ሱቅ ይዘጋል። የእንቁጣጣሽና የፋሲካ ዋዜማ ደግሞ ለጨረታ እንጂ ለግዢ አይሆንም፤ ሰው እየተጋፋ ሲገዛ ዋጋ የሚሰብር ነጋዴ የለም። ጉዳዩን ማዘግየት የሚችል ሰው ከበዓሉ በኋላ ቢመጣ ይሻለዋል።

ስለ ሰልባጅም ደፍሬ ልናገር። ልባሽ ጨርቅ ወደ አገር ማስገባት በሕግ የተከለከለ ነው። በምሥራቅ ድንበር በኮንትሮባንድ እየገባ በየከተማው መሸጡን ደግሞ የማያውቅ የለም። የአገር ውስጥ ልብስ ሰፊዎች በዚህ ያማርራሉ፤ እውነታቸውን ነው። ቢሆንም ልጆቹን በአንድ ደመወዝ የሚያለብስ ሰው ቦንዳ ሲፈታ ቢሰለፍ እኔ አልፈርድበትም። አዲሱ ቀሚስ በሦስት እጥበት ሲቀደድበት ያየ ሰው ነው። ሰልባጅ የሚገዛ ሰው አንገትጌውንና ብብቱን፣ ዚፑንና የሱሪውን መቀመጫ ይይ። ጫማ ከሆነ ሶሉን ይጠፍ፤ ለዓመታት የተቀመጠ ጫማ ላዩ አዲስ ቢመስልም ማስቲሹ ይደርቃል፣ መንገድ ላይ አፉን ይከፍታል።

የመንገድ ላይ ሸራ የድሮውን ያህል የለም። ከኮሪደር ልማቱ ወዲህ ብዙ ቦታ ተነሥቷል። የቀረውም ደንብ አስከባሪ ሲመጣ ተጠቅልሎ ይሮጣል፤ አንዱን እግር ለክቶ የቆመ ገዢ በአንድ ጫማ ይቀራል። ርካሽ ነበር፣ እውነት ነው። ግን ነገ ተመልሶ «ቁጥሩ ጠበበኝ» የሚባልበት ቦታ አይደለም።

እኔ ግን ከክፍለ ሀገር የመጣ ሰው ገንዘቡን ጫማ ላይ ቢያውል ደስ ይለኛል፤ የአገር ውስጥ የቆዳ ጫማ ላይ። ይሄ ሙያ በአዲስ አበባ ረጅም ታሪክ አለው። አርመን ነጋዴዎች የጫማ ፋብሪካ ከፈቱ፣ እዚያ የሠለጠኑ ሠራተኞች እየወጡ በመርካቶ ዙሪያ የየራሳቸውን ትንሽ ቤት ከፈቱ፣ የእነሱ ተማሪዎች ደግሞ ሌላ። በ1990ዎቹ የቻይና ጫማ ገበያውን ሲያጥለቀልቀው ብዙዎቹ ተዘጉ። የተረፉት ዲዛይናቸውንና አሠራራቸውን አሻሽለው ገበያውን መልሰው ያዙ። ያኔ የተማሩት ዛሬም እጃቸው ላይ አለ። የሚገርመው አንዳንዱ ሠሪ ራሱ በራሱ ሥራ አለመኩራቱ ነው። መርካቶ ጓዳ የተሰፋ ጫማ ላይ «ሜድ ኢን ኢታሊ» ይለጥፍበታል። ገዢው የአገር ቤት ሲባል ፊቱን ያዞራልና።

ቆዳውን ከሲንተቲክ ለመለየት አዋቂ መሆን አያስፈልግም። ጫማውን ገልብጦ ጫፉን ማየት ነው። የቆዳ ጀርባ ሻካራና ጭረት ያለው ነው፤ ሲንተቲክ ግን ከሥሩ ጨርቅ ይታይበታል። ሲታጠፍ ቆዳ በቀጭን በቀጭኑ ይጨማደዳል። ከዚያ ሶሉ በማስቲሽ ብቻ ነው ወይስ ስፌትም አለው የሚለውን መጠየቅ ነው። በማስቲሽ ብቻ የተያያዘውን ገዝቶ ወዲያው ጫማ ሰፊ ጋር ዙሪያውን ማሰፋትም ይቻላል፤ ለክረምት ጭቃ ይሄ ትልቅ ነገር ነው። መለካት ደግሞ ከሰዓት በኋላ ነው። እግር ቀኑን ሙሉ ሲቆም ያብጣል፤ ጠዋት ልክ የነበረው ማታ ይጨንቃል።

የሀገር ልብስ ገበያውን ሽሮ ሜዳን በአጭሩ ልለፈው። እዚያ ያለው ወጥመድ ፕሪንቱ ነው። ጥለቱ የተሸመነ ሳይሆን በማሽን የታተመበት ቀሚስ ከሩቅ ያምራል። ጨርቁን መገልበጥ ይበቃል፤ ሸማኔ የሠራው ጥለት ክሩ በጀርባም ይታያል፣ የታተመው ጀርባው ደብዛዛ ነው። ፕሪንት መግዛት ነውር የለበትም፤ በሽመና ዋጋ መግዛት ነው ነውሩ።

እንግዲህ ይሄን ሁሉ ያወቀ ሰው እንኳ መጨረሻ ላይ አንድ ቦታ ይጣበቃል። «ስንት ነው?» ሲል የሚሰማው ቁጥር ከየት እንደመጣ አያውቅም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ከውጭ የሚገባ ልብስ መወደዱ የግድ ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን «ዶላር ጨመረ» የሁሉም ጥያቄ መልስ ሆነ። እዚሁ ለተሰፋ ጫማም ዶላር ጨመረ ይባላል። በከፊል እውነት ነው፤ ሶሉና ማስቲሹ ከውጭ ሊመጣ ይችላል። ግን ስንቱ የዶላር ነው፣ ስንቱ የፊቴ? ከዚያ «መጨረሻውን ንገረኝ» እና «በመግዣው ነው የምሰጥህ» ይቀጥላል። ሦስት ሺህ የተባለው ጫማ በሁለት ሺህ ሲሸጥ ገዢው ያተረፈ ይመስለዋል። ሦስት ሺው ከመጀመሪያው ዋጋ ካልነበረስ?

ሕጉ አለ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነጋዴ የዕቃውን ዋጋ በሚታይ ቦታ እንዲያሳይ ወይም ዕቃው ላይ እንዲለጥፍ ያዛል። በመርካቶ ሕንፃዎች ውስጥ ይሄን የሚያከብር ሱቅ ለማግኘት ግን ፎቅ መውጣትና መውረድ ያስፈልጋል። ቁጥጥር አይቻልም እንዳይባል ደግሞ በኅዳር 2017 አይተናል። የደረሰኝ ቁጥጥሩ ሲጠብቅ መርካቶ ተናወጠ፤ ብዙ ሱቅ ተዘግቶ ሰነበተ። ትክክል ነበር አልነበረም የሚለው ሌላ ክርክር ነው። መንግሥት የራሱን ግብር ሲፈልግ ግን በየሱቁ መግባት እንደሚችል አሳይቷል። የሸማቹ ጉዳይ ሲሆን ነው መንገዱ የሚጠፋበት።

ነጋዴዎች የሚሰጡትን መልስ አውቀዋለሁ። ዋጋ በየቀኑ ይለዋወጣል፣ ጎረቤት አይቶ ይሰብርብኛል፣ ደንበኛዬም መከራከር ይወዳል። ግን እነዚሁ ሱቆች ቴሌግራም ላይ ገብታችሁ እዩዋቸው። የጫማው ፎቶ፣ ቁጥሩ ከ38 እስከ 42፣ ዋጋው በብር፣ የሕንፃው ስም፣ የሱቁ ቁጥር። ሁሉም ባይሆኑ ብዙዎቹ ይጽፋሉ፤ ዋጋ በውስጥ መስመር የሚሉትም አሉ። ስልክ ላይ ለማያውቁት ሺህ ሰው የሚታየው ዋጋ ሱቁ በር ላይ ሲደርስ ለምን ምስጢር ይሆናል? ጎረቤትስ ቴሌግራም የለውም? ለጊዜው እንግዳውም ይሄንኑ ይጠቀምበት። ከመሳፈሩ በፊት ሁለት ሦስት ቻናል አይቶ፣ የሚፈልገውን ጫማ ዋጋ ፎቶ ይዞ ይምጣ። ሱቁ ገብቶ ስልኩን ማሳየት ከአንድ ሰዓት ክርክር ይበልጣል።

ክርክሩ ይቅር ማለቴ አይደለም። የመርካቶን ጨዋታ እኔም እወደዋለሁ። የተጻፈ ዋጋ ኖሮ ከዚያ ወደ ታች መከራከር ማንንም አይጎዳም። ወረቀት ቢቸግር ካርቶን ላይ በእስክሪብቶ ይጻፍ፤ ዶላር ሲጨምር ካርቶኑ ይቀየር። ንግድ ቢሮ መላ ከተማውን በአንዴ ማዳረስ ካቃተው በአውቶቡስ ተራ ዙሪያ ካሉት ሕንፃዎች ይጀምር፤ የእንቁጣጣሽ ገበያ ሳይደራ። ተቆጣጣሪው ደረሰኝ ለማየት እንደሆነ መግባቱ አይቀርም፤ ዞር ብሎ ካርቶኑንም ይይ።