ኮከብ ሲጨመርና ኮከብ ሲያጣላ

አሜሪካ ውስጥ ባንዲራ የሌለበት ሰፈር ማግኘት ይከብዳል። ጁላይ 4 ሲደርስማ የወረቀት ሳህኑም፣ ናፕኪኑም፣ የዋና ቁምጣውም ባንዲራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1942 የወጣው የባንዲራ ሕጋቸው ባንዲራ ልብስ አይሁን ይላል። ማን ሰምቶት! የሚቀጣም የለም። ጭራሽ ጠቅላይ ፍርድ ቤታቸው በ1989 ባንዲራ ማቃጠልም ሐሳብን መግለጽ ነው ብሎ ፈረደ። ተማሪ በግድ ለባንዲራ ቃል አይግባ ያለው ደግሞ ገና በ1943፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መሃል ነው።

እኛ ያደግነው በሌላ ሥርዓት ነው። ባንዲራ ሲወጣና ሲወርድ መንገደኛው ባለበት ቀጥ ይላል። መኪናው ይቆማል። ዘንቢል ያንጠለጠሉ እናት እንኳ አንድ እርምጃ አይጨምሩም። ለዚህ ይመስለኛል ባንዲራ የታተመበት ቁምጣ ሳይ እስካሁን የሚሰቀጥጠኝ።

ግን ንቀት እንዳይመስላችሁ። ቬትናም የዘመቱ ሽማግሌ ጎረቤት አሉኝ። ሰማዩ ሲጠቁር ከማንም ቀድመው ወጥተው ባንዲራቸውን ያወርዳሉ። ሲያረጅ ቆሻሻ ውስጥ አይጥሉትም። የቀድሞ ወታደሮች ማኅበር በር ላይ የፖስታ ሣጥን የሚመስል ሣጥን አለ፤ አጣጥፈው እዚያ ይከቱታል። ማኅበሩ ሰብስቦ በሥርዓት ያቃጥለዋል። የተቃወመም ያቃጥላል፣ ያከበረም ያቃጥላል። አሜሪካ ናት እንግዲህ።

እኔን የሚያስቀናኝ ሌላ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. ሰኔ 14 ቀን 1777 ሲጀምሩ 13 ኮከብና 13 መስመር ነበር። በ1814 እንግሊዞች ባልቲሞር ያለውን የፎርት ማክሄንሪ ምሽግ ሌሊቱን ሲደበድቡ አድረው፣ በማግስቱ ጠዋት ሲውለበለብ የታየው ባንዲራ 15 ኮከብና 15 መስመር ነበረው። ብሔራዊ መዝሙራቸው የተጻፈው ለእሱ ነው። ጨርቁ ዛሬ ዋሽንግተን ሙዚየም ውስጥ ነው፤ መግቢያው ነጻ ስለሆነ ሄዳችሁ እዩት። አገሪቱ እየሰፋች ስትሄድ በ1818 ሕግ አወጡ፦ መስመሩ 13 ሆኖ ይቅር፣ አዲስ ስቴት ሲገባ በቀጣዩ ጁላይ 4 አንድ ኮከብ ይጨመር። በቃ። በ1960 የሃዋይ 50ኛ ኮከብ እስኪገባ ድረስ ባንዲራው 26 ጊዜ ተቀይሯል። አንዱም መንግሥት በመገልበጥ አልመጣም። የሚጣሉበት ባንዲራ የላቸውም ማለቴ አይደለም፤ የደቡቦቹ የእርስ በርስ ጦርነት ባንዲራ እስከ ዛሬ ያናክሳቸዋል። ይሄኛው ግን የሁሉም ነው።

የኛን አረንጓዴ ቢጫ ቀይ የነካው የለም። ጋና እንኳ እ.ኤ.አ. በ1957 ነጻ ስትወጣ ቀለሞቹን ወስዳለች። ጣጣው መሃሉ ላይ ነው። የንጉሡ ዘውድ የጫነ አንበሳ ነበር። ደርግ መጥቶ ዘውዱን አነሳ፤ ቆይቶ አንበሳውንም ትቶ የራሱን ዓርማ አደረገ። በ1988 ዓ.ም. ደግሞ ሰማያዊ ክብ ላይ ኮከብ መጣ። የመጣ ሁሉ መሃሉን ሲቀይር ሕዝቡን የጠየቀ የለም። ታዲያ በየዓመቱ የጥቅምት የመጀመሪያው ሰኞ የሰንደቅ ዓላማ ቀን ነው ተብሎ ቢከበር፣ ጥያቄው በሰልፍ አይመለስም።

እዚህ የሐበሻ ዝግጅት ላይ ባንዲራ የሚሸጥ ልጅ አውቃለሁ። ደንበኛውን ከእግር እስከ ራሱ ያየውና ልሙጡን ወይ አንበሳውን ይዘረጋለታል። ኮከብ ያለበት ከጠረጴዛው ሥር ነው፤ ካልጠየቁት አያወጣውም። አገር ቤት ደግሞ በሕግ የሚያስጠይቀው ልሙጡ ነው።